የፊት ፍሬኔ ዘይት ያፈሳል፤ ሞልቼ ልንዳው?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነህ? የምጽፍልህ ከሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ያጎቴ ልጅ የተወልኝ ማውንቴን ሳይክል አለኝ። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ነው። የፊቱ እየላላ መጥቶ አሁን እጀታው መሪውን ይነካል። ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘው ካሊፐር ሥሩ እርጥብ ነው፣ ፍሬን ስይዝም ይጮሃል። ያሳየሁት ልጅ «የመኪና ፍሬን ዘይት ሙላበትና ንዳ» አለኝ። እጀታው ላይ ግን «ሚኒራል ዘይት ብቻ» የሚል ጽሑፍ አለ። ልሙላው ወይ? ዘይት የነካውን የፍሬን ሸራስ በእሳት ባቃጥለው ይድናል? ቅዳሜ ድሬ ልወርድ አስቤያለሁ።

መልስ፦ አቦ፣ ቅዳሜን ተወው። የደንገጎን ቁልቁለት በኋላ ፍሬን ብቻ መውረድ አይታሰብም። መጠምዘዣውን ታውቀዋለህ። ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚበሩትንም ታውቃቸዋለህ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ክብደትህ ወደ ፊት ስለሚጫን ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ያንተ የተበላሸው ደግሞ እሱ ነው።

የመኪና ዘይት በፍጹም አትሙላ። መኪናና ባጃጅ የሚሞሉት ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚባለውን ነው። ያንተ ፍሬን ጎሚኒዎች የተሠሩት ለሚኒራል ዘይት ነው። ዶት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ሸራውን የሚገፋው ፒስተንም ይያዛል። አንዴ ከገባ በኋላ አጥቤ አወጣዋለሁ ብትል ጎሚኒው ወደ ነበረበት አይመለስም። ከፍሬን አምራቾች ሺማኖ፣ ማጉራና ቴክትሮ ሚኒራል ነው የሚጠቀሙት። ሆፕ ዶት ነው። ስራም ለረጅም ጊዜ ዶት ነበር፣ አሁን በሚኒራል የሚሠሩም አሉት። ስለዚህ በስም አትገምት፣ እጀታው ላይ የተጻፈውን እመን። የምግብ ዘይትና የሞተር ዘይትም አይሆንም። ትክክለኛው እዚያ ካልተገኘ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ያምጣልህ።

ደግሞም ትክክለኛውን ብትሞላ እንኳ መሙላት ማፍሰሱን አያቆምም። መጀመሪያ ከየት እንደሚወጣ እንወቅ። ዘይት ወደ ታች ስለሚንጠባጠብ ካሊፐሩ ሥር ስላየኸው ብቻ ካሊፐሩ ነው ማለት አይቻልም። ቱቦውን ተከትሎ ከላይ ከእጀታው ወርዶ ሊሆን ይችላል።

የፊት ጎማውንና ሸራዎቹን አውጣ። በሁለቱ ፒስተኖች መሃል በልካቸው የተቆረጠ እንጨት አስገባ፣ አለበለዚያ እጀታውን ስትጫን ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ከፋርማሲ አልኮል ግዛና ከእጀታው እስከ ካሊፐሩ ድረስ ሁሉንም ጠርገህ አድርቅ። ከዚያ ነጭ ሶፍት ቆራርጠህ ቱቦው ከእጀታው በሚገናኝበት፣ ከካሊፐሩ በሚገናኝበት፣ አየር በሚወጣባት ቡሎን ዙሪያና በፒስተኖቹ ጎን ሸጉጥ። እጀታውን ጭነህ በድሮ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ከመሪው ጋር እሰረውና አሳድረው። እጀታው ጭራሽ የማይጠነክር ከሆነ ትንሽ ትክክለኛ ዘይት ጨምረህ ነው የምትሞክረው። ጠዋት የራሰው ሶፍት ይነግርሃል።

እጀታው ጋ ከሆነ ዕድለኛ ነህ። ዳዶውን በ8 ቁልፍ ጠበቅ አድርግ። ካልቆመ የቱቦውን ጫፍ ቀጥ አድርገህ ቆርጠህ ውስጥ ያለችውን የናስ ቀለበትና ቱቦው ውስጥ የምትገባውን መርፌ በአዲስ ቀይር። ቀለበቷ አንዴ ከተጨፈለቀች ሁለተኛ አትይዝም። ካሊፐሩ ጋ ያለው መገጣጠሚያ ከሆነ ጎሚኒውን ወይም ሮንዴላውን ቀይረህ አጥብቅ። ሺማኖ እዚህ የሚያዘው የማጥበቂያ ኃይል ከ5 እስከ 7 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ የእጅ ጉልበት ነው፣ ሰውነትህን ጭነህ አታጥብቅ። ከሁለቱም በኋላ በስሪንጅ ዘይት ሞልተህ አየሩን ታስወጣለህ።

ከፒስተኑ ዙሪያ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። በእያንዳንዱ ፒስተን ዙሪያ ጠርዙ አራት ማዕዘን የሆነ ጎሚኒ አለ። ሥራው ሁለት ነው። ዘይቱን ያግዳል፣ ፍሬን ስትይዝ ትንሽ ተጣሞ ስትለቅ ደግሞ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይመልሳል። ሸራ ሲያልቅ ፒስተኑ ወደ ውጭ ይቀርና አቧራ ይጠጣል። አዲስ ሸራ ለመግጠም ሳይጠርጉ ሲገፉት ያ አቧራ ጎሚኒውን ይቧጭረዋል። የኛ አካባቢ አቧራ ደግሞ ደቃቅ አሸዋ ነው። ብዙ አምራቾች ይህን ጎሚኒ ለብቻው ስለማይሸጡ ካሊፐሩን በሙሉ መቀየር ነው መፍትሔው።

ካሊፐር ካላገኘህ በሽቦ የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ግጠም። የዘይቱ እጀታ ሽቦ ስለማይስብ እጀታውንም አብረህ ትቀይራለህ። ዲስኩ ደህና ከሆነ ይቆያል፣ የካሊፐሩ ማሰሪያ ግን ልክ መሆኑን እይ። እንደኔ እንደኔ ዕቃ በሚጠፋበት ቦታ ሽቦ ይሻላል። ሽቦ ቢበጠስ በየትኛውም ጠጋኝ ቤት ይገኛል።

ሸራውን አታቃጥለው። ዘይቱን ወደ ውስጥ ጠጥቶታል፣ ዱቄቱን የያዘው ሙጫም በእሳት ይለቃል። ማፍሰሱ ከቆመ በኋላ አዲስ ግዛ። ዲስኩን ግን በአልኮልና በንጹህ ጨርቅ ጥረገው፣ ይድናል። ናፍጣ አታስነካው። አዲሱን ሸራ ይዘህ ወዲያው ቁልቁለት አትውረድ። ሜዳ ላይ ፈጠን እያልክ፣ ጎማው ሳይቆም ደጋግመህ ፍሬን እየያዝክ አለማምደው። ድሬ ብትሆን የከዚራን ቀጥ ያለ ጥላማ መንገድ እመርጥልህ ነበር።

ጥያቄ፦ ከሳቢያን ነው። ፓንቸር ለመሥራት ሳይክሌን ገልብጬ ካቆምኩት በኋላ ፍሬኑ ስፖንጅ ሆነ። ዘይት ግን የትም አላየሁም።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ማፍሰስ አይደለም፣ አየር ነው። እጀታው ላይ ባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ አየር ስለነበረ ስትገለብጪው ወደ ቱቦው ገባ። ሳይክሉን አቅኚና እጀታውን ከሌላው ቦታ ከፍ እንዲል አድርገሽ አቁሚው። ቀስ እያልሽ ደጋግመሽ ጫኚው። ከዚያ ጭነሽ እሰሪና አሳድሪው። ጠዋት ከጠነከረ በርትተሽ ንጂ፣ ካልጠነከረ አየሩን በስሪንጅ ማስወጣት ያስፈልጋል።