ልሽጣት ወይስ ትቆይ? የጎንደር ባለመኪኖች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የደረሱኝ ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ላይ ያርፋሉ፤ መኪናዬን ልሽጣት ወይስ ትቆይ? ድሮ የሚመጣልኝ ጥያቄ «የቷን ልግዛ» የሚል ነበር። ዘንድሮ ሰው ያለችውን ይዞ ነው የሚጨነቀው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፣ መደበቅ አልችልበትም። ጎንደር ላይ መኪና የሚመረጠው በመልኩ ወይም በዓመተ ምርቱ አይደለም፤ ሲበላሽ ማን ይሠራዋል፣ ዕቃውስ የት ይገኛል በሚለው ነው። የማትስማሙ ጻፉልኝ። ስም አናወጣም፣ ሰፈር ብቻ።

«ይቺን እንቁላል ሽጪያት» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ማራኪ ነው የምኖረው፣ አስተማሪ ነኝ። አሮጌ ቪትዝ አለችኝ፣ ባለ አንድ ሺህ ሲሲዋ። ባለቤቴ «ይቺን እንቁላል ሽጪያትና ቁመት ያለው መኪና እንግዛ» እያለ መቀመጫ መቆሚያ አሳጥቶኛል። ክረምት ላይ ሆዷ ድንጋይ ይነካል፣ እሱ እውነቱን ነው። እኔ ግን ተስማምታኛለች። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ እኔ ግን ካንቺ ጋር ነኝ።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጫነ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ገበያው ላይ ያለው ድሮ የገባው ነው፣ እርስ በርስ እየተሻሻጥን ነው ያለነው። ቪትዟ ጥሩ ዋጋ ታወጣለች፣ አዎ። ግን ያ «ቁመት ያለው» የተባለው መኪናም በዚያው ልክ ጣሪያ ነክቷል፣ መሃል ላይ ደላላ አለ፣ የስም ማዛወሪያው ወጪ አለ፣ ይሄ ሁሉ አልፎ ደግሞ የገዛችሁት መኪና ውስጥ ሻጩ ያልነገራችሁ በሽታ አለ። ያንቺን መኪና በሽታ ታውቂዋለሽ። የሰው መኪና በሽታ የሚታወቀው ብር ከተከፈለ በኋላ ነው።

ሞተሯን እንይ። የመጀመሪያዋ ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው የወጣችው። ባለ አንድ ሺህ ሲሲው ሞተር ታይሚንጉ፣ ማለት የቫልቮቹን መከፈቻና መዝጊያ ጊዜ የሚጠብቀው፣ በሰንሰለት ነው፣ በቀበቶ አይደለም። ስለዚህ በየተወሰነ ኪሎ ሜትሩ ቀበቶ ቀይሪ የሚል ጣጣ የለባትም። ዘይቷን ካዘገየሽባት ግን ሰንሰለቱ ይለጠጥና ጠዋት ስታስነሺያት መንኳኳት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ወጪው የዋዛ አይደለም። ነዳጅ ላይ ቆጣቢ ናት። ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ መንገድ ዳር በሃይላንድ ሲሸጥ የሚያለቅሰው ባለ ትልቅ ሞተሩ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። በነገራችን ላይ የሃይላንድ ቤንዚን ካልተገደድሽ በቀር ይቅርብሽ። ውሃም ላምባም ይቀላቀልበታል። ከቀዳሽ በኋላ መኪናዋ መንዘፍዘፍ ከጀመረች መጀመሪያ የነዳጅ ፊልትሮውን አስፈትሺ።

«ጉልበት የላትም» የሚለው ክስ ደግሞ ግማሹ የከተማችን ጥፋት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባለት ዕቃ) የሌለው ሞተር ሁሉ፣ ቪትዝም ሆነ ሌላ፣ እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ከፒያሳ ወደ ጎሃ ስትወጪ ኤሲውን አጥፊ። ስትወርጂ ማርሽ ዝቅ አድርጊ። አውቶማቲክ ከሆነችም ዲ ላይ ለቀሻት ፍሬን ብቻ እየረገጥሽ አትውረጂ፣ የፍሬን ሸራው ይግላል።

የሆዷን ነገር ግን ባለቤትሽ ልክ ነው። ዝቅ ያለች መኪና ናት። ሾክ አብዞርበሯና ስፕሪንጓ ካረጁ ደግሞ ከተሠራችበትም በታች ወርዳ ነው የምትሄደው፣ ብዙ ሰው ይሄን አያስተውልም። እነሱን አስቀይሪ፣ ከሞተሩ ሥር ላሜራ አሳስሪ፣ ኮብልስቶኑ የተቦረቦረበት ሰፈር አምስት ሰው ጭነሽ አትግቢ። መኪና ከመቀየር ይሄ ይረክሳል።

የአባቴ ቮልስ

ጥያቄ፦ ከፒያሳ ነው የምጽፈው። አባቴ ካረፈ ቆየ። ቮልሱ ግቢ ውስጥ እንደቆመ ነው። እናቴ «የአባትህ ነው፣ አይነካም» ትላለች። ዋጋ የጠየቁኝ ሰዎች አሉ። እኔ ደግሞ መንዳት እፈልጋለሁ፣ ግን እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ነፍስ ይማር፣ ወንድሜ። እናትህ «አይነካም» ያሉት እንዳይሸጥ ነው እንጂ እንዲዝግ አይመስለኝም። ጠይቃቸው። ቆሞ የሚውል መኪና ከሚነዳው ቀድሞ ነው የሚሞተው።

ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፣ የመጨረሻው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው። አባቶቻችን የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ራዲያተር የለውም፣ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ ዳገት ላይ ውሃ ፈላ፣ ውሃ አለቀ የሚል ነገር የለም። ሞተሩ ኋላ ስለሆነ ክብደቱ የሚያርፈው በሚነዱት ጎማዎች ላይ ነው፣ ለዚህ ነው ጭቃ ላይ ከብዙ የቤት መኪና ይልቅ የሚወጣው።

አሁን ሳታስነሳው እነዚህን ተመልከት። የኋላ ወንበሩን አንሳ፣ ባትሪው እዚያ ሥር ነው ያለው፤ አሲዱ እየፈሰሰ ወለሉን በልቶት ከሆነ እጅህ ይገባበታል። የድሮውን ቤንዚን አውጣው። የነዳጅ ጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ፣ ደህና ቢመስሉም፣ ቀይራቸው። ይሄን በቀልድ አትለፈው፣ ቮልስ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው፤ የደረቀ ቱቦ ተሰንጥቆ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። የፍሬን ዘይቱንም ቀይር፣ የፍሬን ሲሊንደሮቹንም አስፈትሽ። መብራቱ ደብዘዝ ካለብህ አትደናገጥ፤ ከ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠራ ከሆነ ባለ 6 ቮልት ሊሆን ይችላል፣ ባለ 12 ባትሪ እንዳትገጥምበት።

ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፣ እንደ ዛሬ መኪኖች የወረቀት ፊልትሮ የለውም፣ ወንፊት ነገር ነው ያለው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል።

መካኒክ ስትፈልግ ወጣቶቹ ጋ አትሂድ፣ አይፈረድባቸውም፣ አያውቁትም። ሽማግሌ ፈልግ። እነሱ ኮምፒውተር አይሰኩም። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ «ሦስተኛው ቫልቭ ላልቷል» ይሉሃል፣ ሲከፈት እውነትም ሦስተኛው ነው። እነዚህ ሰዎች እያሉ አሠራው። ልጅ ቢጤ አብሮህ ይዘህ ሂድና ይይ።

ዋጋ የጠየቁህን ሰዎች አመስግነህ ሸኛቸው።

«በአንድ ቻርጅ 500 ኪሎ ሜትር»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዘዞ ሱቅ አለኝ። በየሳምንቱ ባሕር ዳር ዕቃ ላመጣ እመላለሳለሁ። የነዳጅ ወረፋ አንገሸገሸኝ። ያለችኝን ዲኤክስ ኮሮላ ሸጬ የቻይና ኤሌክትሪክ ልግዛ? ሻጩ በአንድ ቻርጅ 500 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች አለኝ።

መልስ፦ ሻጩ አልዋሸህም፣ ግን እውነቱንም አልነገረህም። ያ ቁጥር የቻይና መለኪያ ነው፣ ረጋ ባለ አነዳድ የሚገኝ። አንተ ዕቃ ጭነህ ነው የምትመጣው። እኔ ብሆን 350 ብዬ ነው የማስበው። ጎንደርና ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፣ ደርሶ መልስ 360 ነው። ገባህ አይደል? እዚያ ቻርጅ የምታደርግበት እርግጠኛ ቦታ ከሌለህ መመለሻው ላይ ልብህ ተንጠልጥሎ ነው የምትገባው። መንገድ ሲዘጋጋና ዙሪያ ስትሄድ ደግሞ ሂሳቡ ሁሉ ይፈርሳል።

ቤትህ ውስጥስ? ተራ ሶኬት 220 ቮልት በ10 አምፔር ሲሰጥ 2.2 ኪሎ ዋት ነው። ባትሪው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ከሆነ ከዜሮ እስኪሞላ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ለሊቱን ለአሥር ሰዓት ያህል ብትሰካው የሚገባው 22 ነው፣ ከባትሪው ሲሶ ማለት ነው፣ ያውም መብራት ካልጠፋ። ሰፈርህ መብራት እንዴት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። እንዳትረሳ ደግሞ፣ መኪናዋን ከፍሪጁና ከምጣዱ ጋር አንድ መስመር ላይ መሰካት የቤቱን ሽቦ ማቃጠል ነው። ኤሌክትሪሺያን ለብቻው መስመር ይዘርጋልህ።

ሌላው መሰኪያው ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች መሰኪያቸው የቻይና ነው፣ የአውሮፓው አይገባባቸውም። አይዲ 6 የምትባለዋ ቮልስዋገን ለምሳሌ ለቻይና ብቻ ተብላ የተሠራች ናት፤ ስክሪኗን ስትከፍተው የሚቀበልህ ቻይንኛ ነው። የምትጠቀምበት ቻርጀር የትኛውን መሰኪያ እንደሚይዝ ሳታረጋግጥ ቀብድ አትስጥ።

መልካም ጎኗንም ልንገርህ፣ አድልዎ እንዳይሆን። ከፍታው አይነካትም። ሞተሩ አየር ስለማይፈልግ የጎንደር ዳገት ላይ ከዲኤክስህ ጋር አይገናኙም። ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ ራሱ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ። በ2014 ከቫት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ መደረጋቸው ነው ገበያውን ያጦዘው። ሥራህ ከአዘዞ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቤት ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ግዛ እልህ ነበር።

ላንተ ግን ገና ነው። ዲኤክስህን አትሸጥ። መንገድ ላይ አዲስ ዘመን ከተማ ብትቆም እንኳን ቺንጊያ የሚቀይርልህ ሰው አይጠፋም፣ የኤሌክትሪኳ ባትሪ መልእክት ካወጣች ግን በመጎተቻ ነው የምትመጣው፣ ያውም መጎተቻው አዲስ አበባ ድረስ ካልወሰዳት።

ቆማ የምትውል ላንድክሩዘር

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ሃምሳን ያለፈ የቱሪስት ሾፌር ነኝ። በአሮጌ ላንድክሩዘር ስሜን ተራሮች እንግዳ ስወስድ ኖሬያለሁ። እንግዳው ቀዝቅዟል። መኪናዋ ቆማ ትውላለች። ልጆቼ ሽጣት ይሉኛል።

መልስ፦ ወንድም ጋሼ፣ የእርስዎ ጥያቄ ከሁሉም ከበደኝ። ሞተሯ 1ኤችዜድ ከሆነች፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ፣ እንግዲህ እንደ እሷ ያለ ሌላ መኪና አያገኙም። ቸነቅ ላይ፣ ከ3,600 ሜትር በላይ፣ ጥቁር ጭስ ስትተፋ አይተዋታል፤ አየር አጥሯት ነው እንጂ ታማ አይደለም፣ ወደ ደባርቅ ሲወርዱ ይጠፋል። ፓምፗ ሜካኒካል ነው፣ ወገራ ላይ ያለ መካኒክ እንኳን ከፍቶ ይገጥመዋል።

የልጆችዎ ትምህርት ወይም ሕክምና የሚጠይቀው ገንዘብ ከሆነ ይሽጧት፣ አያመንቱ። የቤቱ ጉሮሮ ካልተዘጋ ግን ይያዙ፤ ዋጋዋ አይወርድም። ለፕሮጀክት በወር ማከራየትንም ያስቡበት፣ ውሉ ላይ ሾፌሩ እርስዎ መሆንዎን ካስጻፉ። ለማያውቁት ሾፌር ከሰጧት አንድ ክረምት አትወጣም።

ቆማ ስትውል ደግሞ ታንከሩን ሞልተው ያቁሟት፤ ባዶ ቦታው ላይ እርጥበት ይይዝና ውሃ ናፍጣው ውስጥ ይገባል። የባትሪውን ነጌቲቭ ይንቀሉ። በሳምንት አንዴ አስነስተው ግቢ ውስጥ ወደፊት ወደኋላ ያንቀሳቅሷት፣ ጎማው በአንድ ጎን እንዳይተኛ። ታይሚንግ ቤልቷ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ባትነዳም ጎማ ነውና ያረጃል፣ መች እንደተቀየረ ካላስታወሱ ዛሬ ያስቀይሩት። እሱ ከተበጠሰ ሞተሩ አለቀ።

ባጃጅ ሸጬ ላዳ?

ጥያቄ፦ ባጃጄን ሸጬ ላዳ ልግዛ? ከቅዳሜ ገበያ።

መልስ፦ ለሥራ ከሆነ አይሆንም። ላዳ እ.ኤ.አ. በ1970 ከፊያት 124 ላይ የተቀዳች ጠንካራ መኪና ናት፣ ክብሯን አልነካም። ግን ዕቃዋ እየጠፋ ነው፣ ኮፋኖ ከከፈትክ በኋላ ሥራህ ፍለጋ ይሆናል። ባጃጅህ ቀን በቀን ታበላሃለች። ለፍቅር ከሆነ ግን ምን አገባኝ፣ ግዛ። ብር ከመክፈልህ በፊት ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ራስህ ጎንበስ ብለህ ከመኪናዋ ጋር አስተያይ፣ ደላላው «አይቻለሁ» ቢልህ አትስማው።