ከሐኪሙ ስም በፊት ክሊኒኩን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አዲሱ መሥሪያ ቤትሽ ኤችኤምኦ ኢንሹራንስ ሰጥቶሻል፤ ከኔትወርኩ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ከተዋዋላቸው ሐኪሞችና ክሊኒኮች ውስጥ፣ የፕራይመሪ ኬር ሐኪም (ለማንኛውም ሕመም መጀመሪያ የምታዪውን) ምረጪ ተብለሻል። የስሙ ዝርዝር ማለቂያ የለውም። አማርኛ የሚናገር ልፈልግ ወይስ ለቤቴ የሚቀርበውን ልያዝ ነው ያልሽው። እኔ እዚህ አሜሪካ ሥራ በቀየርኩ ቁጥር ኢንሹራንሱም ሲቀየርብኝ ነው የኖርኩት፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ዝም ካልሽ እነሱ ይመርጡልሻል። ብዙ ኤችኤምኦዎች ሰው ካልመረጠ አንዱን ሐኪም ይመድባሉ፣ ስሙም ካርድሽ ላይ ታትሞ ይመጣል። መቀየር ይቻላል፤ ግን ብዙ ጊዜ ለውጡ የሚጸናው ከቀጣዩ ወር መጀመሪያ ነው። የልብም ሆነ የቆዳ ስፔሻሊስት ጋ ለመሄድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ሐኪም ሪፈራል (የመላኪያ ወረቀት) ያስፈልግሻል። ኢንሹራንስሽ ብዙ ጊዜ ያለ ሪፈራል ስፔሻሊስት ማየት የሚፈቅደው ፒፒኦ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አላስጨንቅሽም ነበር።

የኢንሹራንሱ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ዝርዝር ለመነሻ ያህል ተጠቀሚበት እንጂ አትመኚው። ጡረታ የወጣ፣ ክሊኒኩን የለቀቀ፣ አዲስ ታካሚ መቀበል ያቆመ ሐኪም ስሙ እዚያው ተቀምጦ ታገኛለሽ። ስለዚህ ደውዪ። ስትደውዪ ግን «ይሄን ኢንሹራንስ ትቀበላላችሁ?» ብለሽ እንዳታበቂ። ስልክ የምታነሳዋ ልጅ «አዎ፣ እንቀበላለን» ትልሻለች። አልዋሸችም፤ ሂሳቡን ለኢንሹራንሱ ይልካሉ። ኔትወርክ ውስጥ ናቸው ማለት ግን አይደለም። አንዱ ኩባንያ ብዙ ዓይነት ፕላን ይሸጣል፤ ክሊኒኩ በአንዱ ፕላን ገብቶ በሌላው ላይኖር ይችላል። ካርድሽን አውጪና የፕላኑን ስም እንደተጻፈው አንብቢላት። «ዶክተር እገሌ፣ በዚህ አድራሻ፣ በዚህ ፕላን ኢን ኔትወርክ ናቸው? አዲስ ታካሚስ ይይዛሉ?» በያት። አድራሻውን አትዝለዪ፤ ሐኪሙ ሁለት ቦታ የሚሠራ ከሆነ አንደኛው ቦታ ከኔትወርክ ውጪ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በካርድሽ ጀርባ ባለው ቁጥር ኢንሹራንሱ ጋ ደውዪና ያንኑ ጠይቂ። ቀኑን፣ የመለሰልሽን ሰው ስምና የጥሪውን መለያ ቁጥር ጻፊ። የድረ ገጹንም ስክሪንሾት አስቀምጪ። በፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ የሚሠራበት ኖ ሰርፕራይዝስ አክት የሚባል ሕግ አለ፤ የእነሱ ዝርዝር ተሳስቶ አንቺ እሱን አምነሽ ከታከምሽ፣ የሚጠበቅብሽ ኔትወርክ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የምትከፍዪው ያህል ብቻ ነው። ማስረጃ ከሌለሽ ግን ክርክሩ ያደክምሻል።

ሰው የሚረሳው አንድ ነገር ላብራቶሪ ነው። የባለቤቴ ሐኪም ኔትወርክ ውስጥ ነበሩ። ክሊኒኩ ደሙን የላከው ግን ከኔትወርክ ውጪ ላለ ላብራቶሪ ኖሯል፤ ቢሉ ቤት ድረስ መጣልን። አሁን መርፌው ከመውጣቱ በፊት «ናሙናው የት ነው የሚሄደው?» እላለሁ። ነርሶቹ ለምደውኛል።

ወደ ቋንቋው ልምጣ። አማርኛ የሚናገር ሐኪም ካገኘሽ እሰየው፣ በተለይ እናትሽ ወይም አባትሽ አብረውሽ ካሉ። ግን ለዚህ ብለሽ ቀጠሮ ለማግኘት ወራት የሚያስጠብቅ ክሊኒክ አትያዢ። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ክሊኒኮች፣ የመንግሥት ኢንሹራንስ የሆኑትን ሜዲኬርና ሜዲኬድ የሚያስተናግዱትን ጨምሮ፣ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ በስልክም ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ ስትይዢ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብለሽ አስመዝግቢ። ልጅሽን እንዲያስተረጉም አትውሰጂው፤ እናቱ የማሕፀን ችግሯን በሱ አፍ ስትናገር ይታይሽ። አንዳንዱ ደግሞ የአገር ልጅ ሐኪም ጋ መሄድ ይከብደዋል፣ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይደርሳል ብሎ። ሐኪም የታካሚን ምስጢር እንዲያወጣ ሕግ አይፈቅድለትም፤ ቢሆንም አንቺ ካልተመቸሽ አልተመቸሽም፣ ማንም አይፈርድብሽም።

ስለ ሙያው፦ ፋሚሊ ሜዲሲን ልጅም አዋቂም ያያል፤ ኢንተርናል ሜዲሲን አዋቂ ብቻ። ዲግሪያቸው ኤምዲ ወይም ዲኦ መሆኑ አያስጨንቅሽ፣ ሁለቱም ሙሉ ሐኪሞች ናቸው። ፈቃዳቸውንና የተላለፈባቸው ቅጣት ካለ በስቴትሽ የሜዲካል ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታያለሽ። ኢንተርኔት ላይ የሚሰጡትን ኮከቦች እኔ ብዙም አልቆጥራቸውም፤ ግማሹ ስለ ፓርኪንግ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ድንገት ትኩሳት ቢይዘኝ በዚያው ሳምንት ያዩኛል? መልእክት ብጽፍ ይመልሳሉ? ሪፈራል ሲያስፈልገኝ በቶሎ ይልካሉ ወይስ እየደወልኩ ልለምን ነው? ይህን የሚነግርሽ እዚያ የሚታከም ሰው ነው። ሰፈርሽን ብትጽፊ እዚህ ግሩፕ ውስጥ የሚያውቅ አይጠፋም።

ለመጀመሪያ ቀጠሮሽ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ከነብልቃጣቸው ያዢ። ዓመታዊ ምርመራው ኔትወርክ ውስጥ ከሆነ በአብዛኛው ፕላን ነፃ ነው፤ በዚያው ላይ «ጉልበቴንም ያመኛል» ብለሽ ካወጋሽ ግን እንደ ሌላ ቪዚት ተቆጥሮ ኮፔይ፣ ማለትም ከኪስሽ የምትከፍዪው ድርሻ፣ ሊመጣብሽ ይችላል። ሕመምሽን ደብቂ ማለቴ አይደለም፣ ቢሉ ሲመጣ እንዳይገርምሽ ነው። ሐኪሙ ካልተስማማሽ ኢንሹራንሱ ጋ ደውለሽ ቀይሪ፤ ማንንም ማስፈቀድ የለብሽም። የሕክምና መዝገብሽ ወደ አዲሱ እንዲላክ ፈርሚ፣ በቃ።