ቴሌስኮፑ ፍንዳታውን «ለካ» ወይስ «አገኘ»?

ጥያቄ፦ የሳይንስ ዜና እተረጉማለሁ። «ስዊፍት የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ትናንት የፈነዳና 30 ሰከንድ የዘለቀ የጋማ ጨረራ ፍንዳታ ለካ» ብዬ ጽፌ ነበር። አርታኢው «ለካ»ን በ«አገኘ»፣ «ጨረራ»ን በ«ጨረር» ተካው። ለምን?

መልስ፦ ሁለቱንም እርማቶች እደግፋለሁ። «ጨረር» የሚጓዘው ራሱ ነው፤ «ጨረራ» ክስተቱን በጥቅሉ ይጠራል፤ «የጨረራ መከላከያ» የምንለውም ለዚህ ነው። በ«ኤክስ ጨረር» አምሳያ «ጋማ ጨረር» ማለቱ ይሻላል።

ግሦቹ ግን ሰፊ ማብራሪያ ይፈልጋሉ፤ እያንዳንዱ የተለየ የሥራ ደረጃ አለውና። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጠቀውን ፌርሚ የተባለ የጠፈር ቴሌስኮፕ እንይ። የፍንዳታ መከታተያው 14 ዳሳሾች አሉት፤ 12ቱ የሶዲየም አዮዳይድ፣ 2ቱ የቢስመዝ ጀርማኔት ክሪስታል ናቸው። ፎቶን (የጨረር ቅንጣት) ክሪስታሉን ሲመታ ክሪስታሉ ደካማ ብርሃን ይፈነጥቃል፤ መሣሪያው ያንን «ይቆጥራል»። ምንም ፍንዳታ ባይኖርም ቆጠራው አይቆምም። ቢያንስ በሁለት ዳሳሾች ላይ ቆጠራው ከተለመደው በጉልህ ሲያሻቅብ መሣሪያው «ነቃ» እንላለን። «አገኘ» ለማለት ገና ነው፤ የፀሐይ ፍንዳታ፣ በምድር መግነጢስ የተያዙ ቅንጣቶች፣ የመብረቅ ደመና እንኳ ያነቁታል። ምንጩ ተጣርቶ የጋማ ጨረር ፍንዳታ መሆኑ ሲታወቅ ብቻ «አገኘ» ይባላል።

ቀጥሎ አቅጣጫ ነው። ይህ የፌርሚ መሣሪያ ምስል አያነሳም። የተለያየ አቅጣጫ የሚያዩትን ዳሳሾች ቆጠራ አነጻጽሮ ቦታውን «ይገምታል»፤ ስህተቱ ብዙ ጊዜ በርካታ ዲግሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጠቀው ስዊፍት በዳሳሾቹ ፊት በዘፈቀደ የተደረደሩ የእርሳስ ንጣፎች ስላሉት፣ ከሚጥሉት ጥላ ቦታውን በጥቂት የዲግሪ ደቂቃዎች (ደቂቃው የዲግሪ 60ኛ ነው) ይጠቁማል። ከዚያ ዞሮ በኤክስ ጨረር ቴሌስኮፑ በጥቂት የዲግሪ ሰከንዶች (ሰከንዱ የደቂቃው 60ኛ ነው) ጥራት ቦታውን «ይለያል»።

«ለካ» የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ምን እንደተለካ ሲጠቀስ። ጨርቅ «ለካ» ሲባል ርዝመቱ ይታሰባል፤ ፍንዳታ ሲባል ግን ቆይታው ነው ወይስ ፍሰቱ? ቆይታው በአብዛኛው የሚሰላው ከጠቅላላው ቆጠራ 5 በመቶው ከተሰበሰበበት 95 በመቶው እስከተሰበሰበበት ድረስ ነው። ደካማው ጭራ በመደበኛው ቆጠራ ስለሚዋጥ፣ ዝቅተኛ ትብነት ያለው መሣሪያ ያንኑ ፍንዳታ አሳጥሮ ያየዋል። ስለዚህ «30 ሰከንድ» የመሣሪያውን ስም ይዞ ይጻፍ። አጭሩንና ረጅሙን ፍንዳታ የሚለየው የ2 ሰከንድ መስመርም ድንበር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከስበት ሞገድ ጋር የታየው ፍንዳታ እዚያው መስመር ላይ ወድቋል።

«የፍንዳታው ኃይል» የሚለውንም ያስወግዱ፤ በአማርኛ ለብዙ ነገር ይውላል። በሰከንድ በካሬ ሴንቲሜትር የደረሰው ፎቶን «ፍሰት»፣ በቆይታው ሁሉ በካሬ ሴንቲሜትር የተጠራቀመው ደግሞ «የደረሰ ኢነርጂ» ይባል፤ መለኪያው በኤርግ (የኢነርጂ አሃድ) ሲሰጥ አንባቢ አይሳሳትም።

«መዘገበ» ደግሞ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2022 የታየው ጂአርቢ 221009ኤ የተባለው የጋማ ጨረር ፍንዳታ እጅግ ደማቅ ስለነበር የፌርሚ ዳሳሾች ሞሉ። መሣሪያው እያንዳንዱን ፎቶን ሲያስተናግድ 2.6 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ሌላ አይቀበልም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ምልክቶች ተደራርበው እንደ አንድ ተቆጠሩ። በጣም የደመቀበት ቅጽበት በመጀመሪያው መረጃ ላይ ዝቅ ብሎ የተመዘገበውም በዚህ ነው። እንዲህ ላለው «መዘገበ» እንጂ «ለካ» አይጻፍም፤ ልኬቱ የሚገኘው ከእርማት በኋላ ነው።

«ትናንት የፈነዳ» የሚለውንም ያርሙ። የጂአርቢ 221009ኤ ብርሃን ወደ እኛ ለመድረስ 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል፤ ትናንት የሆነው መታየቱ ነው። ዓረፍተ ነገርዎን እንዲህ ይጻፉት፦ «ስዊፍት ትናንት የጋማ ጨረር ፍንዳታ አገኘ፤ ቆይታው በመሣሪያው ልኬት 30 ሰከንድ ነው።»