ቁጥሩ ቢጠፋም ዓይኑ ያው ነው

ውድ ልጆቼ፣

መነጽራችሁን ስታወልቁ በክንድ ርቀት ያለ የሰው ፊት የማይለይላችሁ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የመነጽሩ ቁጥር ማይነስ 10 የሆነ ሰው ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው ከዓይኑ 10 ሳንቲ ሜትር እስከሚርቅ ነገር ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሁሉ ይደበዝዝበታል። ዓይን ውስጥ በሚተከል ሌንስ ከመነጽር ለመገላገል መጓጓታችሁን እረዳለሁ፤ የዓይን ሐኪም ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ጉጉት ብዙ ሰው ላይ አይቻለሁ።

ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ሌዘር ነው። ሌዘር የሚያስተካክለው ኮርኒያን፣ ማለትም ጥርት ያለውን የዓይን የፊት ሽፋን፣ በመቅረጽ ነው፤ ኮርኒያ ደግሞ መሐሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ውፍረት ስላለው፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ከላዩ የሚነሣው ይበዛል፣ የሚቀረውም ከልክ በላይ ከሳሳ የዓይንን የውስጥ ግፊት መቋቋም ሊያቅተው ይችላል። በዓይን ውስጥ የሚተከለው ሌንስ ግን ኮርኒያን አያሳሳም። ተጣጥፎ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ቀዳዳ ይገባና ከአይሪስ (ባለቀለሙ የዓይን ክብ ክፍል) ጀርባ፣ ከተፈጥሮ ሌንሳችሁ ፊት ይዘረጋል፤ ካስፈለገም ተመልሶ ይወጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን ዓይነት ሌንስ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈቀደው ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 45 ለሆነ ሰዎች ነው። በ2022 የፈቀደው አዲሱ ደግሞ መሐሉ ላይ 0.36 ሚሊ ሜትር ሽንቁር ስላለው በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዚያ ያልፋል፤ ቀድሞ ግን አይሪስን አስቀድሞ በሌዘር መብሳት ግድ ነበር።

ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ልኬቱ ጠይቁ። በተተከለው ሌንስና በተፈጥሮው መካከል የሚኖረው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ከጠበበ የተፈጥሮው ሌንስ ሞራ ሊለብስ፣ ከሰፋ አይሪስ ወደ ፊት ተገፍቶ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። የኮርኒያ የውስጥ ሕዋሳትም ይቆጠራሉ፤ የሞቱት አይተኩምና። ቁጥራችሁ ባለፈው ዓመት ተለውጦ ከሆነ ደግሞ ታገሡ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የከፍተኛ ማዮፒያ (ሩቁን አጥርቶ ያለማየት) ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ የዓይን መርዘም ነው፤ ጤናማ ዓይን 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የእናንተ ብዙውን ጊዜ ከ26 ያልፋል፤ ሬቲናውም፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ አብሮ ተወጥሮ ይሳሳል። ሌንሱ ብርሃኑን በቦታው ያሳርፈዋል እንጂ ዓይኑን አያሳጥረውም። አንድ ታካሚዬ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለወራት፣ አፍንጫው ላይ የሌለውን መነጽር በሌባ ጣቱ ወደ ላይ ይገፋ ነበር። እኔም በደስታው ተወስጄ፣ ሬቲናው በየዓመቱ መታየት እንዳለበት ጠበቅ አድርጌ ሳልነግረው ቀረሁ። ከዓመታት በኋላ ብልጭታና ጥቁር ነጠብጣብ ሲታየው «ዓይኔ እኮ ድኗል» ብሎ አንድ ሳምንት ቆየ፤ ሲመጣ ሬቲናው ከግማሽ በላይ ተላቅቆ ነበር። ያ ጥፋት የእኔ ነው፤ እስከ ዛሬም ይከነክነኛል።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም በየዓመቱ ብሌናችሁ በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናችሁ ይታይ። ብልጭታ፣ ድንገት የበዛ ነጠብጣብ ወይም ከጎን የሚጋርድ ጥላ ካያችሁ በዚያው ቀን ሂዱ። የተተከለውን ሌንስ ዓይነትና መጠን የያዘውን ካርድ አስቀምጡ፤ በጀርባውም የቀድሞ ቁጥራችሁን ጻፉበት፤ መነጽር ሳታደርጉ የሚያያችሁ አዲስ ሐኪም ዓይናችሁ ረጅም መሆኑን ቶሎ የሚረዳው ከዚያ ነውና።