መልስ፦ ጤነኛ ሰው ላይ የሚኖር ስታፊሎኮከስ እንዴት በሽታ ይሆናል?

"ጤነኛ ሰው አፍንጫ ውስጥ የሚኖር ከሆነ፣ ታዲያ እንዴት ያሳምማል?" ብለህ ለጠየቅከው፦

ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ከ10 ሰው በ3ቱ ገደማ አፍንጫ ውስጥ ዝም ብሎ ይኖራል። ችግሩ የሚመጣው በር ሲያገኝ ነው። ትንሽ ጭረት፣ ቃጠሎ ወይም የቀዶ ጥገና ቁስል ይበቃዋል።

ከገባ በኋላ የሚያደርገው ነገር በጣም ይገርመኛል። ኮአጉሌዝ የሚባል ኢንዛይም አመንጭቶ በዙሪያው ያለውን የደም ፈሳሽ ያረጋና ይከለልበታል። ነጭ የደም ሴሎች ሊውጡት ይረባረባሉ፤ ብዙዎቹ በመርዙ ያልቃሉ። እብጠት ሲፈነዳ የምታየው ወፍራም ቢጫ መግል የዚህ ውጊያ ቅሪት ነው፤ የሞቱ ሴሎች፣ ባክቴሪያና የፈራረሰ ሥጋ። እባክህ እብጠት አትጭመቅ! ወደ ውስጥ ልትገፋው ትችላለህ። ደም ውስጥ ከገባ ልብና አጥንት ድረስ ይደርሳል።

ይኸው ባክቴሪያ የሚያመጣው የምግብ መመረዝ ግን ሌላ ነው። እዚያ የሚያሳምመው ባክቴሪያው ምግቡ ላይ የተወው መርዝ ነው። ምግቡን ብታፈላው ባክቴሪያው ይሞታል፤ መርዙ ግን አይጠፋም። ትውከቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚጀምረውም መርዙ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅህ ነው።

መድኃኒትም በግምት አትጀምር። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ፔኒሲሊንን ለምደውታል፤ ሜቲሲሊን የሚባለውን ሌላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚቋቋሙም አሉ። መግሉ ላብራቶሪ ቢታይ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ይታወቃል።