ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ገልብጡት

እዚሁ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የሚኖር የጓደኛዬ ልጅ ሰሞኑን ቤቴ መጥቶ መደርደሪያዬን ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ እኔም የድሮ የአሜሪካ የሸክላ ዕቃ መሰብሰብ ልጀምር ነው። ወደፊት ዋጋ የሚያወጣው የትኛው ነው?» አለኝ። ጥያቄው ከነከነኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ማታ ነው።

ከዓመታት በፊት ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ስወጣ ቀጥታ ወደ ቤት አልሄድም። ኢስቴት ሴል የሚባል ነገር አለ፤ ሰው ሲሞት ቤቱ ይከፈትና ዕቃው በሙሉ ይሸጣል። እንዲህ ባለ አንድ ቤት ጥግ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አየሁ። ጭጋግ የለበሰ ሐይቅ፣ ከዳሩ ጥቂት ዛፎች። ከለሩ ሰማያዊም ግራጫም ነው። አያብረቀርቅም። ቬለም የሚሉት ግሌዝ (ሸክላው ላይ የሚቀባው ልባስ) ነው፤ እጅ ላይ ይለሰልሳል።

ገለበጥኩት። አር እና ፒ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው፣ ዙሪያቸውን 14 ትንንሽ ነበልባሎች፣ ከሥር የሮማ ቁጥር 12። ሩክዉድ! ማሪያ ሎንግዎርዝ ኒኮልስ የምትባል ሴት በ1880 (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ኦሃዮ፣ ሲንሲናቲ የከፈተችው የሸክላ ፋብሪካ። ከ1887 ጀምሮ ምልክቱ ላይ በየዓመቱ አንድ ነበልባል ይጨምሩ ነበር። በ1900 14 ሞላ። ከዚያ ወዲህ ዓመቱን በሮማ ቁጥር መጻፍ ጀመሩ። የያዝኩት እንግዲህ የ1912 ነው። አጠገቡ የሳለው ሰው የስሙን መነሻ ፊደላት ጭሯል።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። አገራችን ውስጥ ሸክላ ሠሪዋን ማን በስሟ ጠራት? በጀበናዋ ቡና እንጠጣለን፣ በምጣዷ እንጀራ እንጋግራለን፣ እሷን ግን ቡዳ ናት እንላለን። ካታሮ ሺራያማዳኒ የሚባል ጃፓናዊ በ1887 ሩክዉድ ተቀጥሮ፣ በሳለው ዕቃ ሥር በአገሩ ፊደል ይፈርም ነበር። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያበግነኛል።

ወደ ዕቃው ልመለስ። 400 ዶላር ነው አሉኝ። ብሩ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ግን የእህቴ የኮሌጅ ክፍያ ነው፣ ሰኞ መላክ ነበረበት። አስቀመጥኩት። መልሼ አነሳሁት። ከኋላዬ የቆመች ሴትዮ «ትወስደዋለህ?» አለችኝ። «አይ፣ ውሰጂው» አልኳት።

እህቴ ዛሬ ነርስ ናት። ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣም የምልከው ለእሷ ነው። ሐይቁ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዋጋው አይደለም የሚቆጨኝ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ የእሱ ዓይነት ጨረታ ላይ ስንት እንዳወጣ ኢንተርኔት ላይ አልፎ አልፎ አያለሁ።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁን ትደቅኑና ዋጋውን ታነባላችሁ፣ ዕቃውን እጃችሁ ሳይነካው ትወጣላችሁ። መጀመሪያ ንኩት፣ ገልብጡት። በጥፍራችሁም መታ መታ አድርጉት፤ እናቴ ማድጋ ስትገዛ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ድፍን ይላል። ግሌዙ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ መስመር ከታያችሁ አትደንግጡ፣ የዕድሜ ነው። ሩክዉድ ሥር የተፋቀ ኤክስ ካለ ግን ፋብሪካው ራሱ ጉድለት አግኝቶበታል ማለት ነው።

ለጀማሪ ሮዝቪል ይሻላል። ፋብሪካው እዚሁ ከእኛ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ዜንስቪል ውስጥ ነበር፣ በ1954 ተዘጋ። ብዙ ስላመረቱ አሁንም ይገኛል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ከቻይና የመጣ አስመሳይ ሞልቷል። ብዙዎቹ ላይ «ሮዝቪል» የሚለው አለ፣ ከሥሩ «ዩ.ኤስ.ኤ.» የሚለው የለም። የተሸረፈም የተጠገነም አትግዙ። እኔ አፉ የተሸረፈ ዌለር (ሌላ የኦሃዮ ፋብሪካ ነው) አለኝ፣ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ቢሆንም አትግዙ።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ የሲንሲናቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየምን እዩ። ሩክዉዱ እዚያ ነው፣ መግቢያውም ነፃ ነው።

ለጓደኛዬ ልጅ ይሄን ሁሉ አልነገርኩትም። «ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንውጣ» ብቻ ነው ያልኩት። እናቱ እንደነገረችኝ ቅዳሜ እስከ አራት ሰዓት ይተኛል። ጥሩ ጥሩው ዕቃ ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ አልቋል።