ቁስሉ ደረቀ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

ጅማ ለምትማሩና ለምትሠሩ ልጆቼ፣

የአባላዘር በሽታ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት ሕመሙን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የማያመው ነው። ቂጥኝ ተሕዋሲው በገባ በ3 ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም እስከ 90 ቀን ቆይቶ፣ ጠርዙ ጠጠር ያለ፣ ሲነኩት የማያም ቁስል ያወጣል። ሴት ላይ ውስጥ ከወጣ ጭራሽ አይታይም። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ መድኃኒት ይደርቃል። ያኔ «ለቀቀኝ» ይባላል፤ ተሕዋሲው ግን ደም ውስጥ ገብቷል። ቆይቶ መዳፍና የውስጥ እግር ላይ ሽፍታ ሆኖ ይወጣል፤ ሽፍታውም ይጠፋል። ሳይታከም ከከረመ ልብና አንጎል ይጎዳል፤ ከእርጉዝ ወደ ፅንስም ይተላለፋል። በጊዜ ለመጣ ሰው መድኃኒቱ አንድ ቀን የሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው፦ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት፣ ለሁለቱ መቀመጫ ተከፍሎ።

ጨብጥ በወንድ ላይ ቶሎ ይታወቃል፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ውስጥ ሽንት ያቃጥላል፣ መግል ይወርዳል። ክላሚዲያ ግን ብዙ ሴቶች ላይ ምልክት ሳያሳይ የማህፀን ቱቦን ደፍኖ ልጅ ሊያስከለክል ይችላል። ሁለቱ አብረው ስለሚገኙ አብረው ይታከማሉ።

መርካቶ ወርዳችሁ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ አትግዙ፤ ጨብጥ ከለመደው ቆይቷል። ከጓደኛ የተረፈ ካፕሱልም እንደዚያው። ለክላሚዲያ ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘላችሁ 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ነው፤ ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ቢተውም ጨርሱት። በወተት አትውሰዱት፤ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ዋጡትና ግማሽ ሰዓት አትተኙ፣ ጉሮሮ ያቆስላል። እርጉዝ የሆነች ለሐኪሙ አስቀድማ ትንገር፤ ሌላ መድኃኒት ይታዘዝላታል።

ለኤች አይ ቪ መጋለጥ ከጠረጠራችሁ ሳምንት ጠብቃችሁ አትምጡ። መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ነው። ዛሬ «ነፃ» የተባለ ሰውም በ3 ወሩ ደግሞ ይመርመር።

ጅማ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ተራ ስትጠብቁ የሰፈር ሰው ማየት እንደሚያሳቅቃችሁ አውቃለሁ። በባጃጅ ሌላ ቀበሌ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ መቅረት ግን የለም።

የፍቅር ጓደኛችሁ ካልታከመ በሽታው ተመልሶ ይይዛችኋል። አብራችሁ ታከሙ፤ መድኃኒት ከወሰዳችሁ በኋላ 7 ቀን ከግንኙነት ታቀቡ። ፊት ለፊት መናገር ቢከብዳችሁ ይህን ጻፉ፦ «ተመርምሬ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ምልክት ባይኖርም መታከም ያስፈልጋል፤ ነገ አብረን እንሂድ»።